የቢመን እናት፣ የዓርብ አንባቢዋ ኢንሳፍ ሻፊቅ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በሐዘናችን ከጎናችን የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ የወይዘሮ ኢንሳፍ ሻፊቅን ዜና ሕይወት አንብበን እስክንጨርስ ድረስ ስልኮቻችሁን እንድትዘጉልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጽሑፉን ያዘጋጀነው ከእሳቸው ጋር በዓርቡ ንባብ ስንቀመጥ የኖርን እናቶች ስንሆን፣ የሟች ታሪክ ሲነበብ መልካም መልካሙን ብቻ መናገር የተለመደ መሆኑን ባንስተውም፣ ወይዘሮ ኢንሳፍ በሕይወት ሳሉ የሚያስከፋውን ገጽ የሚዘል አንባቢ አይወዱም ነበርና እኛም ሳንዘል እናነባለን።

ወይዘሮ ኢንሳፍ ከአባታቸው ከአቶ ሻፊቅ ቡትሮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባልሳም ጊርጊስ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በዚሁ በሚንያ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው በጣቢያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ሠራተኛ ስለነበሩ መንገደኛ ረስቶት የወረደውን ጃንጥላ፣ ሻንጣና የሕፃን ጫማ እየተቀበሉ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፣ ባለቤቱ ሲመጣም ይመልሱ ነበር። ሰው አሮጌ ጃንጥላውን ፍለጋ ከካይሮ ድረስ ሲመለስ ያዩት አቶ ሻፊቅ፣ መጽሐፌን ብሎ የተመለሰ መንገደኛ ግን በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዳልገጠማቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር። ጠያቂ ያጣውን መጽሐፍ አለቃቸውን እያስፈቀዱ ለሴት ልጃቸው ይዘው ይገቡ ስለነበር፣ ከመስኮብ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ አገር ወደ ዐረብኛ የተመለሱት ታላላቅ የጥንት ልብ ወለዶች ወደዚያች ጠባብ ቤት የገቡት እንዲህ ባቡር ላይ እየተረሱ ነው።

እናታቸው ወይዘሮ ባልሳም ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩና፣ ወይዘሮ ኢንሳፍ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። ብዙዎቹ መጻሕፍት ከመንገድ ብዛት መጨረሻቸው ተቀዶ የቀረ ስለነበር፣ ገጹ ሲያልቅባቸው ልጅቱ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ የቀረውን ከራሳቸው እየጨመሩ ይጨርሱት ነበር፤ በጨመሩትም ሁሉ ውስጥ የጠፋው ሰው አንድ ቀን በር ያንኳኳል። «ይኼኛውም ቤቱ ተመለሰ?» ብለው እናታቸው ይጠይቃሉ። «አዎ እማ፣ ተመለሰ።» «እሰይ። አንቺ በምታነቢው መጽሐፍ የሄደ ሁሉ ይመለሳል፤ በኛ ሠፈር ግን እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።» ወይዘሮ ባልሳም ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለንም።

ወይዘሮ ኢንሳፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ካይሮ ሄደው ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት የሚያበቃ ውጤት ቢያመጡም፣ አባታቸው በዚያው ክረምት በድንገት ስላረፉ ሐሳባቸውን አጥፈው የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ ከዚያም ጡረታ እስከ ወጡ ድረስ በአንድ የልጃገረዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዐረብኛ ቋንቋ አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ አሉ። ክፍል ውስጥ ያልጮኹ፣ ዱላም ያልያዙ መምህርት እንደነበሩ፣ ነገር ግን ያልገባትን ገብቶኛል የምትልን ልጅ ረጅም ሰዓት ዝም ብለው ሲያዩዋት ከዱላ የሚብስ እንደነበር ይመሰክራሉ።

በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ሱብሂ ሀናላ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ሱብሂ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ አይወዱም። ባለቤታቸው አዲስ ልብ ወለድ ይዘው ሲገቡ በር ላይ ይቀበሏቸውና እዚያው ቆመው የመጨረሻውን ገጽ አንብበው «ታገባዋለች። በይ አሁን ምሳ እንብላ» ይሉ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ድግስ ተጠርተህ ሳህን ሲታጠብ ነው እኮ የምትደርሰው!» ይሏቸዋል ወይዘሮ ኢንሳፍ። «ሳህኑን አይቼ ምን እንደተበላ አውቃለሁ፤ ምን ቀረብኝ?» ይላሉ እሳቸው። በዚህ ጉዳይ ያልተነታረኩበት ሳምንት አልነበረም፤ ትዳራቸውም የጸናው በዚሁ ንትርክ ነው የሚል ሐሜት አለ።

እግዚአብሔርም ሁለት ልጆች ሰጣቸው። ቢመን በ1985፣ ፈብሮንያ በ1989 ዓ.ም. ተወለዱ። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ የራሷ ስም ያርፋል፤ በበኵሯ ስም ትጠራለች። ወይዘሮ ኢንሳፍም ቢመን ከተጠመቀበት ቀን ጀምሮ በሠፈርም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም «የቢመን እናት» ሆኑ፤ ኢንሳፍ ብሎ የሚጠራቸው ባለቤታቸውና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ብቻ ቀሩ። ይህን ስም እንዴት ይወዱት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዓርብ ዓርብ ልጆቻችን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሃይማኖታቸውን ሲማሩ፣ እኛ እናቶች ግቢው ውስጥ ከጥላው ሥር የየቤታችንን ሥራ ይዘን እንጠብቃቸው ነበር፤ ምስር የምትለቅም ምስሯን፣ የሙሉኪያ ቅጠል የምትሸመጥጥ ቅጠሏን ይዛ። እጅ ሲሠራ አፍ ሥራ ይፈታልና ሐሜታችን አይጣል ነበር። አንድ ዓርብ የአንዲት አዲስ ሙሽራ ስም ሲቦጨቅ ቆይቶ፣ ወይዘሮ ኢንሳፍ ከቦርሳቸው መጽሐፍ አወጡና «ሰው ማማታችን ካልቀረ የሌለ ሰው እንማ፤ ቢያንስ አይሰማንም» አሉ። ማንበብም ጀመሩ። ልጆቹ ተምረው ሲወጡ ሙሽራይቱን ያስታወሳት አልነበረም።

ወሬው ለደብሩ ካህን ለአባ ቢሴንቲ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ጢማቸው ገና ጥቁር ነበር። «የቢመን እናት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ልብ ወለድ?» ብለው ጠየቋቸው። «አባታችን፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ያወራልን ጌታ ራሱ አይደል? ልጁ ታዲያ በየትኛው ሠፈር ነበር ቤቱ?» አሉ ወይዘሮ ኢንሳፍ። አባ ቢሴንቲ ለመቆጣት መጥተው እየሳቁ ሄዱ፤ ንባቡ በአቡነ ዘበሰማያት ተከፍቶ በዳዊት መዝሙር ይዘጋ ዘንድም ፈቀዱ።

ወይዘሮ ኢንሳፍ አንድ ምዕራፍ በጨረሱ ቁጥር መጽሐፉን ጣታቸው ላይ ይዘጉና «በዚህ ምዕራፍ ጸጋ በየት በኩል አለፈች?» ብለው ይጠይቁን ነበር። የቱንም ያህል የጨለመ ታሪክ ቢሆን የእግዚአብሔር ጸጋ በየምዕራፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታልፋለች፤ በአንድ በር፣ በአንድ ቁራሽ ዳቦ፣ በአንድ ሰው መልክ ትመጣለች፤ ባለታሪኮቹ ሳያነሷት ስለሚቀሩ ነው እንጂ ሳትመጣ ቀርታ አይደለም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። አይብ እየሸጡ አምስት ልጆች ያሳደጉት ወይዘሮ ዊዳድ፣ ምላሳቸው የማይታሰረው፣ «በወጥ ቤት በኩል ነዋ ያለፈችው! የቤቱ ጌታ ግን ሳሎን ተጎልቶ ይጠብቃታል» ብለው የመለሱትን እስከ ዛሬ እንጠቅሰዋለን። እያደር ጥያቄውን ወደየቤታችን ይዘነው መግባት ጀመርን። ባልዋን ልትፈታ ጓዟን ጠቅልላ የነበረች አንዲት እናት በዚያ ጥያቄ ጓዟን እንደፈታች እዚህ ተቀምጣ ትሰማናለች፤ ስሟን አንጠራም።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ከመስኮብ አገር የመጣ፣ ሽፋኑ የጠፋ ትልቅ ልብ ወለድ እናነብ ነበር። ኡልያና የምትባል ገረድ ከምትሠራበት ቤት ተባርራ በገዳም አጥር ሥር በረዶ ላይ ሞታ ትገኛለች፤ ማንነቷን የሚያውቅ ስለጠፋም ያለ ፍትሐት ትቀበራለች። ያን ዕለት የሸመጠጥነው ሙሉኪያ በእንባችን ራሰ። የምናውቃት እኛ ብቻ ነን፤ እኛም ዝም ካልን ማን ስሟን ይጠራላታል ተባለ። እንደምታውቁት በየእሑዱ ቅዳሴ ካህኑ የታመሙትን፣ መንገድ የሄዱትንና ያረፉትን ስም ከተጻፈላቸው ቁራጭ ወረቀት ላይ እየለዩ ይጠራሉ፤ በዚያ እሑድም አባ ቢሴንቲ ካረፉት መካከል «ኡልያና» ብለው፣ ተደናቅፈውም ቢሆን፣ ጠሩ።

ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ሲጣራ ወይዘሮ አይሪን፣ መዋሸት የማያውቁት፣ ሁሉንም ተናገሩ። «ለሌለ ሰው ፍትሐት አይደረግም!» አሉ አባ ቢሴንቲ ፊታቸው ቀልቶ። «ስሟን የሚያውቅ ስለጠፋ እኮ ነው ያልተፈታችው፤ እኛ ደግሞ እናውቀዋለን» አሉ ወይዘሮ ኢንሳፍ። ቀኖና ተሰጠን፤ ሰገድን። ከተማው ግን ቀኖናችንን አላከበረልንም፤ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ቆቡን እያወለቀ «እግዜር ያጥናችሁ፤ የኡልያና ነገር እንዴት ሆነ?» ይለን ነበር። አቶ ሱብሂም ጥቁር ከረባት አስረው ባለቤታቸውን ሳሎን ውስጥ ሲያስተዛዝኑ ተገኙ። ያን ጊዜ መሳቅ ቀላል ነበር።

ልጆቹ አድገው የዓርቡን ትምህርት ሲተዉ እናቶቹ ንባቡን አልተዉም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በየቦርሳው ገብቶ ንባቡን ያቋርጥ ስለጀመረ ወይዘሮ ኢንሳፍ አንድ ሕግ አወጡ፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ ስልክ አይነሣም። «ሞባይሉ ይጠብቃል፤ ኋላ መልሰን እንደውላለን» ይሉ ነበር። ሕጉን ሁላችንም አከበርነው፤ ከማንም በላይ ያከበሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ቢመን በንግድ ሥራ ተመርቆ ሥራ አላገኘም። ሚኒባስ ነዳ፣ ሞባይል ጠገነ፣ ወንድ ልጅ በእናቱ ቤት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል የሚሰማውን ተሰማው። በ2014 ዓ.ም. የበጋ ወር በጀልባ ወደ ጣልያን እንደሚሻገር ለእናቱ ሳይደብቅ ነገራቸው። ወይዘሮ ኢንሳፍ ለመኑት፤ ተቆጡት፤ ሦስት ቀን አላናገሩትም። በአራተኛው ቀን ተነሥተው በፀሐይ የተቦካ ዳቦ ጋግረው አደረቁለትና ሻንጣው ውስጥ ከተቱ። «እናቴ፣ ይኼ ሁሉ ዳቦ ጀልባዋን ያሰጥማታል» ብሎ ቀለደባቸው። ያን ቀልዱን በኋላ ለማንም አውርተውት አያውቁም፤ እኛ የሰማነው ከእኅቱ ከፈብሮንያ ነው።

ቢመን ከባሕሩ ዳርቻ ደርሶ ጥቂት ቀናት እየደወለ ቆየ። ከዚያም ዓርብ ሆነ። ወይዘሮ ኢንሳፍ ጥላው ሥር ተቀምጠው ሲያነቡ ከእግራቸው አጠገብ የነበረው ቦርሳቸው ውስጥ ስልኩ ጠራ። ምዕራፉ ሊያልቅ አንድ ገጽ ቀርቶት ነበር። ቦርሳቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ደግሞ ጠራ። ምዕራፉ ሲያልቅ መልሰው ደወሉ። ተዘግቷል። እስከ ምሽት ደወሉ፤ በማግስቱም፤ እስከ ዛሬም ድረስ ያ ቁጥር አልተከፈተም።

በዚያ ሳምንት ከዚያ የባሕር ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ወጥተዋል፤ አንደኛዋ ደርሳለች፣ ሁለተኛዋ አልደረሰችም። ቢመን በየትኛዋ እንደተሳፈረ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። አቶ ሱብሂ በሦስት ከተሞች ቢሮ ለቢሮ ተንከራተው፣ የልጃቸውን ፎቶግራፍ ለማያውቁት ሁሉ አሳይተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አስክሬን የለም፤ ደብዳቤ የለም፤ መርዶም የለም። መርዶ እንኳ ቢሆን ሰው አልቅሶ ያርፍበታል፤ እሳቸው ያን እንኳ አላገኙም።

ንባቡ ለብዙ ሳምንት ተቋረጠ። ወይዘሮ ኢንሳፍ አንድ ዓርብ ወደ ግቢው መጥተው ሲቀመጡ፣ ወይዘሮ ዊዳድ የሚያጽናኑ መስሏቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሩን ቃል «የቢመን እናት፣ በዚህስ ምዕራፍ ጸጋ በየት በኩል አለፈች?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ኢንሳፍ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ቦርሳዬ ውስጥ ጠርታኝ ነበር፤ አላነሣኋትም» አሉ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ኢንሳፍ ጮክ ብለው አንብበው አያውቁም፤ ሌላዋ ስታነብ ግን እየመጡ ቅጠል ሲሸመጥጡ ይቆያሉ።

ሰው ሁሉ ቁስላቸውን ላለመንካት ብሎ «ወይዘሮ ኢንሳፍ» ይላቸው ጀመር። አይዞሩም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሻጩ ደጋግሞ ቢጠራቸው እንዳልሰሙ ቆመው፣ ኋላ ቀረብ ብለው «የቢመን እናት ካላላችሁኝ አልሰማም፤ ጆሮዬ ለሌላ ስም ደንቁሯል» አሉት። በየእሑዱም የልጃቸውን ስም ጽፈው ከመንገደኞቹ ጋር ያስጠሩ ነበር። አባ ቢሴንቲ፣ በአንድ ወቅት ለሌለ ሰው አይጸለይም ያሉት እኒያ ካህን፣ ቢመን ብለው «በባሕርም በየብስም ያሉትን መንገደኞች በሰላም ወደየቤታቸው መልስ» ሲሉ ድምፃቸውን አንድም ቀን አልቀነሱም።

ዓመት ሲሞላ በባልና ሚስቱ መካከል ክፉ ንግግር ሆነ። እኛ የምናውቀው ቤታቸው ለጥየቃ ሄደን በጆሯችን ስለሰማን ነው። «ኢንሳፍ፣ አርባውን እናውጣለት» አሉ አቶ ሱብሂ። «የማንን አርባ?» «ልጁ ያለ ጸሎት ቀረ እኮ። ለዚያች ለኡልያናሽ ስም ያስጠራሽ ሴት የራስሽን ልጅ ትከለክያለሽ?» «የኡልያናን ሞት አንብቤዋለሁ። የቢመንን ማን አነበበልኝ?» «መጨረሻው ገጽ ከሌለስ?» «ከሌለ የለም። አንተ ግን አትጻፍልኝ።» አቶ ሱብሂ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በዚያ ቤት ሁለት ሐዘን ተቀመጠ፤ አንዱ የሞተ ልጅ ሐዘን፣ ሌላው የሚጠበቅ ልጅ ሐዘን፤ አንዱ ሐዘን ሌላውን አላጽናናውም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወይዘሮ ኢንሳፍ በኩላሊት ሕመም ወደቁ፤ በሳምንት ሦስት ቀንም ለእጥበት ሆስፒታል ይመላለሱ ነበር። መሣሪያው ደማቸውን ሲያመላልስ አጠገባቸው ተቀምጠን እናነብላቸው ጀመር፤ ሌሎቹም ሕሙማን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጆሮ ይሰጡን ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ አይሪን ሲያነቡ የመርከብ መስጠም ታሪክ መጣባቸውና ቀስ ብለው ገጾቹን አለፉ። «አይሪን፣ ገጽ ዘለልሽ» አሉ ወይዘሮ ኢንሳፍ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ኧረ አልዘለልኩም!» «ሰውየው ቅድም ባሕር ላይ ነበር፤ አሁን ገበያ መሀል ነው። በየት አድርጎ ወጣ? አንብቢው።» ወይዘሮ አይሪን እያለቀሱ አነበቡት። ምዕራፉ ሲያልቅ የለመድነውን ጥያቄ ጠበቅን፤ አልጠየቁም። ጥያቄው ከልባቸው ወጥቶ እንደሆነ፣ መልሱን ፈርተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ባለፈው ወር ሐኪሞቹ የሚቻላቸው እንዳበቃ ለቤተሰቡ ነገሩ። ወይዘሮ ኢንሳፍ ሳይነገራቸው ዐወቁ፤ አባ ቢሴንቲን አስጠሩና፣ ከእኛ አንዳችን ውኃ ይዘን በቆምንበት፣ «አባታችን፣ ልጄን ከመንገደኞች ያውጡልኝ» አሏቸው። «ምነው የቢመን እናት፣ ዜና ሰማሽ?» «ምንም አልሰማሁም።» «ታዲያ?» «ደከመኝ፤ እኔ መሄዴ ነው። የመንገደኛ ስም በየእሑዱ ካልተጻፈ አይነበብም፤ ከኔ ሌላ ማን ይጽፍለታል? ያረፉት ግን አይረሱም፤ ቤተ ክርስቲያን ትይዛቸዋለች። ከእነሱ ጋር ያኑሩልኝ።» አባ ቢሴንቲ እጃቸውን በወይዘሮ ኢንሳፍ ራስ ላይ ጭነው ብዙ ሰዓት ቆዩ። እኛም እናጽፋለን ልንላቸው ይገባን ነበር፤ አላልንም።

በዚያ እሑድ ወይዘሮ ኢንሳፍ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ካህኑ መንገደኞቹን ሲጠሩ የቢመን ስም አልነበረም። ያረፉት ዘንድ ሲደርሱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ዲያቆኑ ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያም «ቢመን» አሉ። በወንዶቹ በኩል የቆሙት አቶ ሱብሂ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ስንት ዓመት የለመኑትን ጸሎት ድንገት በጆሯቸው ሲሰሙ ቅዳሴው ሳያልቅ አቋርጠው ወጡ። ቤት ሲገናኙ «ምን አደረግሽ?» ብለው ጠየቁ። «ያልከውን» አሉ ወይዘሮ ኢንሳፍ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ አድርገው አረፉ።

የማረፋቸውን ነገር በመልካም ቃል ለመሸፈን አስበን ነበር። ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ በተስፋ ሄዱ ልንል ነበር። እሳቸው ግን ያልተጻፈውን የሚያነብ ሰው አይወዱም። እንዳየናቸው ከሆነ ወይዘሮ ኢንሳፍ ደክሟቸው፣ ተስፋቸውንም በገዛ እጃቸው አስረክበው ነው የሄዱት፤ ለእኛ ለሁላችን ያሳዩትን ጸጋ ለራሳቸው ሳያዩ ነው የሄዱት። እግዚአብሔር እኛ ያላየነውን ገጽ ያውቃል ከማለት በቀር የምንጨምረው የለንም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ቢመንን ቀድመዋቸው ከሄዱት ወገን፣ ከእናታቸውና ከአባታቸው ቀጥሎ ጽፈነው ነበር። ዛሬ ጠዋት ለአቶ ሱብሂ አነበብንላቸው። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ እንድናነብላቸው ጠየቁ፤ አነበብን። «ከዚያ አውጡት፤ ከኔ ቀጥሎ ጻፉት» አሉ። ፈብሮንያ «አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ አርባው ይውጣ ስትል የኖርከው» አለቻቸው። «ያን ያልኩት እሷ ስትጠብቀው ነው» አሉ። «ይመጣል ብዬ አይደለም፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ግን እሷም ከሄደች፣ እኔም ሞተ ካልኩ፣ ያ ልጅ በዚህ ዓለም ላይ የሚጠብቀው ሰው የለውም ማለት ነው። ተራው የኔ ነው።»

ስለዚህም ወይዘሮ ኢንሳፍ ሻፊቅ ከዚህ የሚከተሉትን ትተው ሄደዋል፤ ባለቤታቸውን አቶ ሱብሂ ሀናላን፣ መንገድ ላይ ያለውን ልጃቸውን ቢመን ሱብሂን፣ ሴት ልጃቸውን ፈብሮንያ ሱብሂን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ዮስቲናንና ካራስን፣ እንዲሁም ዓርብ ዓርብ ያለ አንባቢ የቀሩትን እናቶች። የቢመንን ስም ከእንግዲህ በየእሑዱ ከመንገደኞቹ ጋር የሚያጽፉት አባቱ ናቸው።

ስለ አንድ ነገር ይቅርታ እንጠይቃለን። መጀመሪያ ላይ ስልኮቻችሁን እንድትዘጉ ለምነናችሁ ነበር፤ በአቶ ሱብሂ ደረት ኪስ ያለው የባለቤታቸው ስልክ ግን አልተዘጋም፤ ዝጉት ልንላቸውም አልደፈርንም። ምናልባት ጸሎቱ መሀል ቢጠራ፣ ቢያነሡትም፣ ቅር አይበላችሁ።

መሐሪ አምላክ የአገልጋዩን የኢንሳፍን ነፍስ ድካም በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ እዚያ ቆመው የሚፈልጉት ልጅ ከደረሰም ያገናኝልን፣ ካልደረሰም እሳቸው እነዚህን ሁሉ ዓመታት የለመዱትን መጠበቅ ከዓይናቸው ላይ ያንሣላቸው። በባሕርም በየብስም ያሉትን መንገደኞች ወደየቤታቸው ይመልስ። አሜን።